ውሃ ሽቅብ የወጣበት ዓመት፦ የሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ሕይወትና እ.ኤ.አ. 1894

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከራሴ ሰፈር ነው። እኔ የቆሼ ልጅ ነኝ። ቆሼ ስል ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው አይጠፋም፤ ለነገሩ የሰፈሩ ስም ራሱ ከቆሻሻ የመጣ ነው። ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ ቦታ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ነው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ አላፍርበትም።

ልጅ ሆነን ውሃ የምንቀዳው ቁልቁል ወርደን ከቦኖ ነበር። ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፣ እሱን ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አያቴ ውሃ የሚያውቀው ቁልቁል መሄድን ብቻ እንደሆነ፣ ሽቅብ የሚወጣው በሰው ጀርባ ብቻ እንደሆነ አዘውትረው ይናገሩ ነበር። ያን ጊዜ ትክክል ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህራችን ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት አንዱን መርጠን በዚያ ዓመት በሳይንስና በቴክኖሎጂ ምን እንደተሠራ እንድንጽፍ አዘዙን። ጓደኞቼ ስለ ሎንዶንና ስለ ኒው ዮርክ ጻፉ። እኔ ግን እ.ኤ.አ. 1894ን (በእኛ አቆጣጠር 1886 እና 1887 ዓ.ም.) ሳገላብጥ አዲስ አበባን አገኘኋት። ከእሷም ጋር ውሃን ሽቅብ ያስወጣውን ሰው፣ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግን አገኘሁ። የአያቴ ነገር ትዝ አለኝና እሱን መረጥሁ። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ከስዊዘርላንድ እስከ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ የተወለደው መጋቢት 30 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ በምትገኘው ፍራውንፌልድ ከተማ ነው። የምሕንድስና ትምህርቱን የተከታተለው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በኋላ በ1896 አልበርት አይንስታይን ተማሪ ሆኖ የገባበት ነው። ስዊዘርላንድ የባሕር በርም ቅኝ ግዛትም የሌላት ተራራማ አገር ናት። በዚያ ዘመን ልጆቿ በተራራ ውስጥ የባቡር ዋሻ ይቆፍሩ፣ በገደል ላይ ድልድይ ይዘረጉ ነበር። ከዚህ ዓይነት አገር የወጣ መሐንዲስ የኢትዮጵያን ዳገት አይቶ የማይደነግጥ ቢሆን አይገርምም።

በዚያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የአውሮፓን የእጅ ሥራ ወደ አገራቸው ለማምጣት ብርቱ ፍላጎት ስለነበራቸው በኤደን በሚነግዱ የስዊስ ነጋዴዎች በኩል ባለሙያ እንዲፈለግላቸው አደረጉ። ኢልግ ጥሪውን ተቀበለ። ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1878 ተነስቶ፣ በባሕሩ ዳርቻ የግመል ጉዞ ሲጠብቅ ብዙ ቆይቶ፣ በረሃውን አቋርጦ በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ዕድሜው ያን ጊዜ 24 ዓመት ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ከእኛ ከተመራቂዎቹ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው።

ጫማ፣ ጠመንጃና ድልድይ

ስለ ኢልግ የመጀመሪያ ዓመታት የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ ይህን የተማረ ፈረንጅ ሊፈትኑት ፈልገው መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነበር ይባላል። መሐንዲስ ጫማ ሰፊ አይደለም፤ ቢሆንም ኢልግ አላኮረፈም፣ ቆዳውን ቆርጦ ሰፍቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ጠመንጃ ከውጭ ገዝቶ ማስመጣቱ እንደሚረክስ ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፣ ስለዚህ እሱንም ሠርቶ አሳየ። የታሪኩ ዝርዝር ከተራኪ ተራኪ ቢለያይም መልእክቱ አንድ ነው። ምኒልክ የፈለጉት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው በአገር ውስጥ በእጅ ሊሠራ መቻሉን በዓይናቸው ማየት ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ኢልግ አማርኛ ተማረ። የአገሩን ሰው ልማድና የግቢውን ሥርዓት አወቀ። ቤት ሠራ፣ መንገድ ጠረገ፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። በንግዱም ገባበት፤ በሐረር ይነግድ ከነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጋር ለበርካታ ዓመታት ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ንግዱ የጦር መሣሪያንም ይጨምር ነበርና ኢልግን እንደ ቅዱስ አድርጎ መሳል ትክክል አይሆንም። ለአገልጋይነቱም ለጥቅሙም የሚሠራ ሰው ነበር።

ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ፍልውሃው ሜዳ አወረዱ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1889 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ይሁን እንጂ የነገሡት በክፉ ቀን ላይ ነበር። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ረሀቡ ሕዝቡን ጨረሰው። ያ መከራ ጋብ ብሎ አገሪቱ መተንፈስ የጀመረችው 1894 አካባቢ ነው። ስለዚህ የዚያ ዓመት ሥራዎች የጥጋብ ጊዜ ጌጥ አልነበሩም። ከረሀብ የወጣች አገር እንደገና ላለመውደቅ የያዘቻቸው ዘንጎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ያ ዓመት በሌላው ዓለም

ወደ አዲስ አበባ ከመግባታችን በፊት በ1894 ሌላው ዓለም ምን ይሠራ እንደነበር ባጭሩ እንይ። በሎንዶን በቴምዝ ወንዝ ላይ የተሠራው ታወር ብሪጅ በሰኔ ወር መጨረሻ ተመረቀ። መርከብ ሲመጣ የድልድዩ መሐል ለሁለት ተከፍሎ ሽቅብ ይነሳል፣ የሚያነሳውም በእንፋሎት ሞተር ግፊት የተጠራቀመ ውሃ ነበር። ሎርድ ሬይሌይና ዊሊያም ራምሴ በአየር ውስጥ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላየውን አርጎን የተባለ ጋዝ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ አንድ እጅ የሚጠጋው አርጎን ነው፣ ሆኖም ከምንም ጋር ስለማይዋሃድ ሳይታወቅ ኖሯል። ኦሊቨር ሎጅ የሬዲዮ ሞገድ ያለ ሽቦ ተልኮ ሲያዝ በአዳራሽ አሳየ። አሌክሳንደር ያርሲን ሆንግ ኮንግ ላይ የወረርሽኙን የቸነፈር ባክቴሪያ ለየ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በነሐሴ ወር መጀመሪያ በሰሜን እንግሊዝ ወደ ውሃ የገባችው ተርባይኒያ የምትባል ጀልባ ናት። ቻርልስ ፓርሰንስ የእንፋሎት ተርባይንን የፈለሰፈው ከዚያ አስር ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። እንፋሎቱ እንደ ድሮው ፒስተን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ሳይሆን የተርባይኑን ምላጮች እየመታ በቀጥታ ያሽከረክራል። ይህችን ተርባይን ልብ በሉ። የቆሼ ልጅ ስለ እንግሊዝ ጀልባ ምን አገባው ትሉ ይሆናል፣ እንደሚያገባኝ ኋላ ታዩታላችሁ።

ዓመቱ በአዲስ አበባ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ግቢው ማለትም የምኒልክ ቤተ መንግሥት የተሠራው ኮረብታ ላይ ነው። ውሃ የሚቀዳው ከታች ከወንዝ ነበር፤ አገልጋዮች በእንስራ እየተሸከሙ ዳገት ይወጡ ነበር። ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ውሃ በቧንቧ ጠልፎ ወደ ግቢው ለማምጣት አቀደ። ቧንቧው ከተራራው ቁልቁል ይወርድና ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ኮረብታው መልሶ ይወጣል። ይህን የሰሙ መኳንንት ፈረንጁ ቀልዷል ብለው እንደሳቁ ይነገራል። ውሃ እንዴት አድርጎ ዳገት ይወጣል? ልክ እንደ አያቴ ነው ያሰቡት።

እኛ የዘመኑ ተማሪዎች ግን መልሱን እናውቀዋለን። በተደፈነ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ከምንጩ ከፍታ በታች እስከሆነ ድረስ ወደ ቀድሞ ከፍታው ይመለሳል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ የግቢው ኮረብታ ደግሞ ከምንጩ በእጅጉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፓምፕም እንፋሎትም አያስፈልግም፣ ስበት ብቻውን ይበቃል። ጣጣው ያለው ከታች ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራልና ቧንቧው ሸለቆውን በሚያቋርጥበት ቦታ መጋጠሚያዎቹ ከባድ ግፊት ይሸከማሉ። አንዱ መጋጠሚያ ካፈሰሰ ላይ ያለው ሰው አንድ ጠብታ አያይም። በተጨማሪም ውሃው ከግድግዳው ጋር በሚያደርገው ፍትጊያ ከፍታውን ያጣልና የቧንቧው ውፍረት በስሌት መመረጥ አለበት። እንግዲህ የኢልግ ትምህርት እዚህ ላይ ነው የታየው።

ውሃው ግቢ ገባ። የሳቁት ዝም አሉ፣ አዝማሪዎችም ውሃን ሽቅብ ስላወጡት ንጉሠ ነገሥት ዘፈኑ ይባላል። በአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። እርግጥ ነው ያ ውሃ ለግቢው ነበር፣ ለሕዝቡ አልነበረም። የከተማው ሰው ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን እንስራውን ተሸክሟል። እኔም በተራዬ ጀሪካኑን ተሸክሜአለሁ።

በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (መጋቢት 9 ቀን 1894) አፄ ምኒልክ ለኢልግ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስችል የኮንሴሲዮን ውል ሰጡት። መስመሩ በሦስት ክፍል ነበር የታሰበው። አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። የውሉ ዘመን 99 ዓመት ነበር። ከባሕር ወደ ሸዋ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ሳምንታትን አልፎ ወራትን በሚፈጅበት ጊዜ ይህ ሐሳብ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ገና አላበቃም። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች፣ በቁጥር ሰባት ዓይነት፣ በፓሪስ ታተሙ። የምኒልክ መልክ ያለበት የብር ገንዘብም እዚያው ፓሪስ ተቀረጸ። የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክም የልደት ዘመኑን የሚቆጥረው ከ1894 ነው፣ ምንም እንኳ የአዲስ አበባና የሐረር የስልክ መስመር ሥራ የተካሄደው ከ1897 ጀምሮ ቢሆንም። የማገዶ እንጨት ጠፍቶባት ልትፈርስ የነበረችውን ከተማ ያቆማት ባሕር ዛፍም በአዲስ አበባ መተከል የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ምን አለፋችሁ፣ ውሃ፣ ባቡር፣ ፖስታ፣ ገንዘብ፣ ስልክ፣ ደን፣ የዛሬዋ አዲስ አበባ የቆመችባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ሥራቸው የሚመዘዘው ከዚህ አንድ ዓመት ዙሪያ ነው።

ከዓድዋ በኋላ

ኢልግ በ1895 ዙሪክ ውስጥ ፋኒ ጋቲከር የተባለች የአገሩን ልጅ አገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተገኘው ድል የኢትዮጵያን ስም በዓለም ሲያስጠራ የኢልግም ሥራ ተለወጠ። መሐንዲሱ ዲፕሎማት ሆነ። ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት ባወቀችበት በጥቅምት 1896ቱ የአዲስ አበባ ውል ድርድር ላይ ተሳትፏል። በ1897 ንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። በዚያው ዓመት እንደ እንግሊዛዊው ሬኔል ሮድ ያሉ መልእክተኞች አዲስ አበባ ሲጎርፉ የፈረንጁን ቋንቋና ተንኮል ለምኒልክ የሚፈታላቸው ኢልግ ነበር።

በዚህ ወቅት የቪክቶሪያ ዘመን ቴክኖሎጂ በሌላ መንገድም ግቢ ገብቷል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ምኒልክና ጣይቱም በዚያው መንገድ ድምፃቸውን ቀድተው መለሱ። በዛሬው ቋንቋ የድምፅ መልእክት ተለዋወጡ ማለት ነው።

ባቡሩና ውሉ

ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ በ1896 የባቡር ኩባንያውን አቋቋሙ። ሥራው በጥቅምት 1897 ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ ወደ ሐረር ተራሮች ሲጠጋ ዳገቱን መውጣት ወጪው እጅግ ከባድ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፣ በዚያም ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ በቀለች። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1902 መጨረሻ ነው። አንድ የምሕንድስና ውሳኔ ከተማ እንደሚወልድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ታዲያ ችግሩ የመጣው ከተራራው ሳይሆን ከወረቀቱ ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና በየካቲት 1902 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የድጎማ ስምምነት ተፈራረመ። ስምምነቱ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ለሚያልፍ ሐዲድ ለባዕድ መንግሥት ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፣ ባቡሩም ከድሬዳዋ ወዲህ እንዳይገፋ አገዱ። በዓድዋ ጦር የመለሱት ሰው በባቡር ውል በኩል አገራቸው ስትነጠቅ ዝም ብለው ሊያዩ አይችሉም ነበር። ኩባንያው ወደ ኪሳራ አዘገመ። በ1908 አዲስ ውል ተፈርሞ ሥራው በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ።

ኢልግ በዚህ ሁሉ መሐል ክብሩ እየቀነሰ ሄደ። ለፈረንሳይ ያደላ ነው እየተባለ ከሌሎቹ የውጭ መልእክተኞች ነቀፌታ ይደርስበት ነበር። በ1906 ኢትዮጵያን ለቅቆ ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰ፣ በ1907ም ከሥራው በይፋ ተሰናበተ። ከጫማው እስከ ባቡሩ ድረስ ያሳለፈው ጊዜ 27 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

የመጨረሻ ዘመን

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ኢልግ ደግሞ ጥር 7 ቀን 1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ነው፣ የእኛው ገና ዕለት። ዕድሜው 61 ነበር። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 አጋማሽ፣ እሱ በሞተ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ ነው። ውሉን የሰጡትም ውሉን የተቀበለውም 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መስመር ተጠናቆ አላዩትም።

ኢልግ የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ ቅርሶችና ያነሳቸው ፎቶግራፎች ዙሪክ ውስጥ ተቀምጠዋል። በፎቶዎቹ ላይ የዛሬዋ ከተማችን ገና ድንኳንና ጎጆ ሆና ትታያለች።

ቆሼ ላይ ቆሜ ሳስበው

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ የቆሼው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። አብዛኞቹ ከክምሩ ሥር በጭቃና በላስቲክ ጎጆ የሚኖሩ፣ ከቆሻሻው ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ለምናለሽ ተራ በመሸጥ የሚተዳደሩ ነበሩ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የአፈር ቁልቁለት መቼ እንደሚናድ በክፍላችን እንማራለን፣ የቆሻሻ ቁልቁለትም የሚናደው በዚያው ሕግ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ከክምሩ አጠገብ የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ 25 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቆሻሻው ይቃጠላል፣ ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል። ቆሻሻን በልዩ ምድጃ ማቃጠል እንግሊዞች በ1874 ኖቲንግሃም ላይ የጀመሩት ነው። ተርባይኑ ደግሞ ያው የፓርሰንስ፣ ያው በ1894 ተርባይኒያን ያስከነፋው ነው። የቆሼ ልጅ በእንግሊዝ ጀልባ የሚያገባው ለዚህ ነው። ያ ዓመት ቆሼ ድረስ መጥቷል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በ1894 ቧንቧው ከውጭ መጣ፣ ቴምብሩ ፓሪስ ታተመ፣ ብሩ ፓሪስ ተቀረጸ፣ የባቡሩ ገንዘብና ሐዲድ ከውጭ መጣ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በግቢው አንድ ነበር፣ እሱም ኢልግ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ የምኒልክ ትምህርት ቤት፣ የተከፈተው በ1908 ነው። ማሽኑ ከትምህርት ቤቱ አስራ አራት ዓመት ቀደመ ማለት ነው። በመሐሉ ባሉት ዓመታት ውሉን መርምሮ የቱ ላይ ወጥመድ እንዳለ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚነግር የአገር ልጅ መሐንዲስ አልነበረም። ከ1902ቱ ጣጣ ሥር ያለው ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ጥፋቱ የኢልግ ነው ልል አይደለም፣ የምኒልክም አይደለም። ከክፉ ቀን የወጣች አገር ትምህርት ቤት እስኪከፈት ቧንቧው ይቆይ ማለት አትችልም ነበር። ምኒልክ ግን የጎደለውን ያውቁ ነበር። ጫማውንና ጠመንጃውን ያዘዙት፣ በኋላም ትምህርት ቤት የከፈቱት ለዚህ ነው ባይ ነኝ። እኛስ? በ2016 ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የተመረቀውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱት የቻይና ባለሙያዎች ነበሩ። የረጲን ማመንጫ የገነባውም የውጭ ተቋራጭ ነው። ያ ዘመን ሰበብ ነበረው፣ ትምህርት ቤት አልነበረምና። እኛ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው ያለነው።

ከኢልግ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ከትልቁ ሥራ በፊት ጫማ መስፋት ነውር አለመሆኑን ነው። ከመጣበት ጊዜ አንስቶ የቧንቧውን ውሃ እስኪያወጣ አስራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቋንቋውን፣ መሬቱን፣ ሰዉን ተማረ። ሁለተኛው፣ እውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ከቀረ ሰውየው ሲሄድ አብሮ እንደሚሄድ ነው። ሠርቶ ማሳየት ግማሹ ነው፣ ሌላው ግማሽ ማስተማር ነው።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ለአያቴ የቧንቧውን ነገር በወረቀት ስዬ አስረዳኋቸው። እንጦጦን ከላይ፣ ሸለቆውን በመሐል፣ ግቢውን በወዲያ በኩል አድርጌ። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ታዲያ እንጦጦ ከቆሼም በላይ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነው። ለምን ታዲያ በጀርባችን ስንሸከም ኖርን ለሚለው ግን መልስ አላገኘሁላቸውም። መልሱ ስበት ውስጥ የለም። የቧንቧ፣ የገንዘብና የባለሙያ ጉዳይ ነው፣ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ እኛን ይመለከታል።

ቸር ይግጠመን።